የሞተር ሕመም በንዝረቱ ይታወቃል

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአዋሽ ከተማ ወደ ሰመራ በሚዘልቀው ሸለቆ ዝናብ ጥቂት ስለሆነ እርሻ የሚለማው በመስኖ ነው። ውሃው በራሱ ሊወርድ በማይችልበት ስፍራ በፓምፕ ይሳባል። በበጋ ፓምፑ ለጥቂት ቀናት ቢቆም ቡቃያው ይጠወልጋል፤ የገበሬውም ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ብልሽት ሳይከፋ ማወቅ ይገባል። ይህ እንዴት ይቻላል?

የሚሽከረከር አካል ሁሉ ይነዝራል። የጤናማ ሞተር ንዝረት አነስተኛ ነው፤ ሲታመም ግን ንዝረቱ ይበረታል፣ ጠባዩም ይለወጣል። ባለሙያው በኩሽኔታው መያዣ ላይ መለኪያ አስጠግቶ የንዝረቱን ብርታትና በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይመዘግባል።

በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚደጋገም ብርቱ ንዝረት ከታየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚዛን መጓደል ነው። አዋሽ ደለል የሚያግዝ ወንዝ በመሆኑ፣ አሸዋው የፓምፑን ክንፎች እያበላለጠ ሲበላቸው አንዱ ወገን ከሌላው ይከብዳል። ድግግሞሹ 50 ሲሆን የሞተሩና የፓምፑ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ አለመዋላቸው ይጠረጠራል። 25፣ 50፣ 75፣ 100 እየተባለ በአንድነት ሲታይ የላላ ብሎን ይፈለጋል። ከነዚህ እጅግ የፈጠነ ጥቃቅን ምት ግን የኩሽኔታን መቁሰል ያመለክታል፤ ኳሶቹ በቁስሉ ላይ ባለፉ ቁጥር ይመታሉና።

ልምድ ያለው መካኒክ የካቻቢቴን ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ማዳመጥ ያውቃል። በእጅ ዳስሶ ሙቀትን መመርመርም የተለመደ ነው። ነገር ግን በሰመራ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደኅናውም ሞተር እጅ ያቃጥላል። ከዚህም በላይ የኩሽኔታ ቁስል ከሙቀቱ አስቀድሞ በንዝረቱ ይገለጣል።

ምን ያህል ንዝረት አደገኛ ነው? ራትቦን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1939 እ.ኤ.አ. የንዝረት ወሰን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሳተመ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ከ15 ኪሎዋት የማይበልጥ ሞተር የንዝረቱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ4.5 ሚሊሜትር ካለፈ ለጉዳት የሚያደርስ ነው። ሆኖም አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ልኬቱ ዘወትር በአንድ ቦታና በተመሳሳይ የሥራ ጫና ተወስዶ ከቀድሞው መዝገብ ጋር መነጻጸር አለበት።

በአዋሽ ከተማ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር ሞተርም ሆነ የከሰም ስኳር ፋብሪካ ፓምፕ ከዚህ ሕግ አይወጣም። በጊዜው የተደረሰበት ብልሽት አንድ ኩሽኔታ በመለወጥ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን ዘንጉንና ሞተሩን ጭምር ይዞ ይጠፋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሞተርም የሚሠራ መሆኑን ልብ በሉ።