ባዶ የሚመስለው ቧንቧ

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ እንድታደርጉ ልጠይቃችሁ። ከድስት መፈተጊያ ሽቦ የሚዝገውን ዓይነት ጥቂት ወስዳችሁ በውሃ አርጥቡና በአንድ ረዘም ያለ ብርጭቆ ውስጥ እስከ ታች አጥብቃችሁ ወትፉት። ብርጭቆውንም ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ድፉትና ለጥቂት ቀናት ተዉት። እኔ ይህንን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ሽቦው ቀይ ዝገት ይለብሳል፤ የሳህኑም ውሃ ማንም ሳይነካው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣና አንድ አምስተኛውን ያህል ሲይዝ ቀጥ ይላል። «ለምን እስከ ላይ አይሞላም?» የሚል ተማሪ ግን አይጠፋም።

መልሱ ይኸውላችሁ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 21 እጅ ኦክስጅን ነው፤ 78 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ የቀረው ጥቂቱ አርጎንና ሌሎች ጋዞች ናቸው። ብረቱን የሚበላው ኦክስጅኑ ነው። እርሱ ተበልቶ ሲያልቅ፣ እርጥበቱ እዚያው ቢኖርም እንኳ ዝገቱ ይቆማል፤ ናይትሮጅን ከብረት ጋር ጠብ የለውምና። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ከክፍሌ ወጥተን ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። በዚያ ከተማ በመኪና ማቆሚያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ መሆናቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬም በአንዱ ባለ ብዙ ፎቅ ማቆሚያ ቤት በሌሊት ተራ ይሠራል። ሥራ እንደ ጀመረ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «በጣሪያው ላይ የተዘረጋው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ውሃ የለበትም አሉኝ። ባዶ ከሆነ እሳቱን በምን ሊያጠፋው ነው?»

ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። በእንዲህ ያለው ቧንቧ ላይ በየጥቂት ሜትሩ አንዳንድ አፍ አለ፤ አፉንም ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ዘግታ ትይዘዋለች። ቀይዋ ብልቃጥ ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ትፈነዳለች፤ ውሃውም ይረጫል። (በሲኒማ እንደምናየው ሁሉም አፎች ባንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ የሚከፈተው ሙቀቱ የደረሰበት ብቻ ነው።) ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሄንሪ ፓርመሊ የተባለው አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ ብሎ በራሱ የሚረጭ መሣሪያ የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን የዋሽንግተን ክረምት እንደኛ ዝናብ ሳይሆን ውርጭ ነው። ማሞቂያ በሌለው ሕንፃ ውስጥ ውሃ በቧንቧው እንዳለ ይረጋል፤ ሲረጋም ይሰፋና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃው ሙቀት ባለበት ክፍል ከአንድ ከባድ ቫልቭ በስተኋላ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከቫልቩ ወዲያ ያለው ቧንቧ ደግሞ የታመቀ አየር ይሞላል። የቫልቩ ክዳን በአየሩ ወገን ሰፋ ያለ ስለሆነ አነስተኛው የአየር ግፊት ትልቁን የውሃ ግፊት ተጭኖ ይይዘዋል። ብልቃጧ ስትፈነዳ አየሩ ይወጣል፤ ክዳኑ ይነሣል፤ ውሃው ይሮጣል። ለጓደኛዬ የመለስኩለት ይህንኑ ነበር። የቀረውን እሱ ነው ያስተማረኝ።

ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ የምታውቁ እንደሆነ፣ ሠራተኛው ከኮምፕሬሰሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ሲፈታ ቡናማ ውሃ ሲወርድ አይታችኋል። አየር ሲታመቅ እርጥበቱን ይጥላልና ነው። በዚያ «ባዶ» ቧንቧም የሚሆነው ይኸው ነው። ከዚህም በቀር በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ውሃ ተለቅቆበት ይፈተናል፤ ከፈተናውም በኋላ በዝቅተኛው ቦታ ሁሉ ውሃ ተኝቶ ይቀራል። እንግዲህ ይህ የእኔ ብርጭቆ እንጂ ሌላ አይደለም። ልዩነቱ በብርጭቆው ውስጥ ኦክስጅኑ ማለቁ ነው። በቧንቧው ግን በየመጋጠሚያው አየር ይሾልካል፤ ኮምፕሬሰሩም የጎደለውን በአዲስ አየር ይተካል። ዝገቱ ቀለቡ አይቋረጥበትም።

ጉዳቱም ቀላል አይምሰላችሁ። እሳት በተነሣ ዕለት ውሃው የዝገቱን ቅርፊት ጠርጎ ወደ ተከፈተው አፍ ያመጣና ይደፍነዋል። ወይም ቧንቧው በመርፌ ቀዳዳ ያህል ይበሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ቫልቩም ያለ እሳት ይከፈትና በውርጭ ሌሊት ውሃ ይገባበታል። በዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ያድናል ብለው ያመኑም ነበሩ፤ ውሃ በተኛበት ላይ ግን ልባጡ ይበላና ጉድጓዱ ባንድ ነጥብ ይጠልቃል።

መድኃኒቱ ቧንቧውን በናይትሮጅን መሙላት ነው። ናይትሮጅኑንም ከዚያው ከአየር የሚለይ መሣሪያ አለ። በአንደኛው ዓይነት አየሩ ታምቆና ተጣርቶ እንደ ፀጉር በቀጠኑ፣ ውስጣቸው ክፍት በሆነ ክሮች ውስጥ ያልፋል፤ ኦክስጅኑና እርጥበቱ በክሮቹ ግድግዳ ፈጥነው ይወጣሉ፤ ደረቁ ናይትሮጅን ወደፊት ይሄዳል። በሁለተኛው ዓይነት የከሰል ፍሬ የተሞሉ ሁለት ሲሊንደሮች አሉ፤ አንዱ ኦክስጅኑን ሲይዝ ሌላው የያዘውን ይተፋል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሠራሉ። ከመቶው 98 እጅ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ናይትሮጅን ቧንቧው ውስጥ ይገባል፤ የቀድሞው አየርም በአንዲት ትንሽ ማስተንፈሻ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህም ብዙ ቀናት ይፈጃል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ባዶውን ቧንቧ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ግፊቱ መመለስ ይገባል። ናይትሮጅኑ ለዚህ ስለሚዘገይ፣ ተራው አየር በአቋራጭ የሚገባበት መስመር ይበጅለታል። ቧንቧው እንደ ሞላ አቋራጩ መዘጋት አለበት። በጓደኛዬ ሥራ ቦታ ከሦስት ዓመቱ ፈተና በኋላ የመጡት ሠራተኞች ከፍተውት ሄዱ፤ ስምንት ወርም ሙሉ ማንም አላየውም። የግፊት መለኪያው መርፌ ከቦታው ንቅንቅ አላለምና። መለኪያው ስንት እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን እንዳለ አይናገርም።

የተነቃውም አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ መሣሪያው የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው ቁጥር ስምንት ወር ሙሉ አለመለወጡን ሲያይ ነው። በማስተንፈሻው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ቢይዝ 21 አነበበ፤ እንደ መንገዱ አየር። ከዚያም መዝገቡን አስመጣ። በየሳምንቱ በአንድ እጅ ጽሕፈት «ግፊቱ ደህና ነው» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የጓደኛዬ ነበር። ግፊቱን ብቻ ጻፍ ተብሎ ግፊቱን ብቻ ጻፈ፤ ሐሰትም አልጻፈም። ሆኖም ያን ቀን የተሰማውን ሐፍረት ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ።

መዝገብ በምትይዙበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ይህ ነገር ያጋጥማችሁ ይሆናል። በእኛ አገር ቧንቧ የሚያረጋ ብርድ ባይኖርም፣ የማቀዝቀዣ መጋዘንና ውሃ እንዲንጠባጠብበት የማይፈለግ የኮምፒውተር ክፍል ይህን ዓይነቱን ቧንቧ የሚሹ ናቸው። ስለዚህ ጓደኛዬ ዛሬ የሚጽፈውን ልንገራችሁ። ከግፊቱ ቀጥሎ የኦክስጅኑን መጠን ይጽፋል፤ ቀጥሎ መሣሪያው የሠራበትን ሰዓት። ሰዓቱ ካለወትሮው ከበዛ ቧንቧው ያፈሳል ማለት ነው፤ በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን ይፈትሻል። የፍሳሽ ፈተናውም እንዲህ ነው፦ በካሬ ኢንች 40 ፓውንድ ግፊት ተሞልቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ3 ፓውንድ በላይ መጉደል የለበትም። ማጣሪያዎቹ በወቅቱ ይለወጣሉ፤ የኮምፕሬሰር ዘይት አልፎ ክሮቹን ካገኘ ክሮቹ አይድኑም። ውርጩ ከመግባቱ በፊትም በዝቅተኛው ቦታ የተኛውን ውሃ ያወጣል፤ መጀመሪያ የላይኛውን መክፈቻ ይዘጋል፣ ከዚያ የታችኛውን ይከፍታል። ሁለቱን ባንድ ላይ የከፈተ ሰው አየሩን ለቅቆ ውሃውን ይጋብዛል።

መሣሪያው ያለበት ክፍልም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። ናይትሮጅን መርዝ አይደለም፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ነገር ግን በጠባብ ቤት ሾልኮ ኦክስጅኑን ካሳነሰው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ኦክስጅኑ ከመቶ 19.5 በታች ከሆነ ያ ቤት አይገባበትም።

አቋራጩ ከተዘጋ በ16ኛው ቀን ጓደኛዬ አንድ ቁጥር ብቻ ላከልኝ፦ 1.7። የበሰበሰውን ቧንቧ ሲቀይሩ የተቆረጠውን ቁራጭም አልጣለውም፤ ከመዝገቡ በላይ በሽቦ አንጠልጥሎታል።