ተጨማሪ መረጃ፦ «ጋራ»
ሰበታ ላይ ቆሞ ወጨጫን አሻቅቦ የሚያይ ሰው፣ አማርኛም ይናገር ኦሮምኛ፣ «ጋራ» ይለዋል፤ ተራራ ማለቱ ነው። አማርኛ በዚሁ ቃል «ከእሷ ጋራ»፣ «የጋራ መኖሪያ ቤት» ይላል። በኦሮምኛ ደግሞ ትርጉሙን የሚለየው የአናባቢው ርዝመት ነው፦ የመጀመሪያው ሲረዝም ተራራ፣ የመጨረሻው ሲረዝም ሆድ፣ ሁለቱም ሲያጥሩ «ወደ»። ቡራዩ ላይ በኦሮምኛ «ጋራ ሱሉልታ» የሚል መንገደኛ ወደ ሱሉልታ መሄድ ፈልጎ ነው። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን «ሆድ» ነው፤ ርኅሩኅ ሰው «ጋራ ላፋ»፣ ሆዱ የለሰለሰ፣ ይባላል። የአማርኛው «ሆደ ቡቡ»ም ከዚህ አይርቅም። የግዕዝ ፊደል ይህን ርዝመት አያሳይም፤ ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ ግን ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል።