ጆሮ ደፍኖ አስፋልት ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ይሄዳል። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ከመተማ የሚመለስ ተሳቢ፣ ሰው የሞላ አባዱላ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ገበያ ውሎ የሚመለስ አህያ፣ ሁሉም በዚሁ አንድ መንገድ ነው የሚተላለፈው። እኔ ከመንገዱ ዳር ብስክሌት እጠግናለሁ። ጎማ ሊያስነፉ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ኢርፎን ሰክተው ነው የሚደርሱት። አጠገባቸው ቆሜ ስማቸውን ስጠራ አይሰሙኝም፤ ትከሻቸውን መንካት አለብኝ። ታዲያ ከኋላ የሚመጣውን ተሳቢ በምን ያውቁታል?

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሱዙ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፔዳል የሚመታ ልጅ ላይ ከ100 ሜትር ርቀት ተነስቶ ለመድረስ 6 ሰከንድ አይፈጅበትም። እኔ ዘንድ የሚመጡት ብስክሌቶች ደግሞ መስታወት የላቸውም። የኋላውን የሚነግር ጆሮ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ክላክሱ ነው። በኛ አገር ሹፌር ሊቀድም ሲል ክላክስ ያደርጋል። ክላክስ ካደረገ በኋላ «ሰምቶኛል፣ ዳር ይይዝልኛል» ብሎ ነው የሚያስበው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን አይቀንስም። ልጁ ግን አልሰማም። ጉድጓድ ወይም ፍየል ለመሸሽ መሪውን ወደ ግራ ቢያዞር ሁለቱም እርግጠኛ በሆኑበት ቅጽበት ይገናኛሉ።

«መስማት የተሳናቸውስ ብስክሌት ይነዱ የለም?» ይሉኛል። አዎ፣ ይነዳሉ። እነሱ ግን ጆሮ እንደማይረዳቸው ስለሚያውቁ ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ኢርፎን የሰካው ልጅ መስማቱን ይተዋል እንጂ ማየቱን አይጨምርም። ስልክ እያወራ ከሆነማ ሐሳቡም መንገዱ ላይ የለም።

አንዱን ጆሮ ብቻ መሰካት ከሁለቱ ይሻላል። በቀኝ ስለምንነዳ መኪና የሚቀድመን በግራ ነው፤ ክፍት መሆን ያለበትም የግራው ጆሮ ነው። ቢሆንም ድምፅ ከየት እንደመጣ አንጎል የሚለየው ሁለቱ ጆሮዎች ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ልዩነት ስለሚሰሙት ነው። አንዱ ሲደፈን መኪና መምጣቱ ይታወቃል፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን ያደናግራል።

በውጭም አገሮች አልተስማሙበትም። ፈረንሳይ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብስክሌተኛንም ጨምራ ኢርፎን ሰክቶ መንዳትን ከልክላለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። የብስክሌት አገር የምትባለው ሆላንድ ሙዚቃ መስማትን አልከለከለችም። እዚያ ግን ብስክሌተኛው በአብዛኛው የራሱ መንገድ አለው። ባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። እዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሙዚቃ የሚሰማን ሰው አልቆጣም። እንፍራንዝ ላይ ግን ብስክሌቱንና ተሳቢውን የሚለያቸው ነገር የለም።

አንድ አዲስ ነገር ደግሞ እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ጆሯችሁ ክፍት ቢሆንም ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ።

ልጆቼ፣ አስፋልቱ ላይ ስትወጡ ኢርፎኑን ከሁለቱም ጆሯችሁ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ስልክ ከተደወለ ከአስፋልቱ ውረዱና ቆማችሁ አናግሩ።