ወንዝ ዳር ስንወጣ፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ ስለ ዋናና ሽርሽር ማወቅ ያለብን



የኢድ ማግስት ሲሆን ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ወጣቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዳቦና ሻይ የያዘ አለ፣ ኳስ የያዘ አለ፣ ልብሱን አጥቦ ድንጋይ ላይ የሚያሰጣም አለ። አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ ሰኞ ጠዋት ስም ስንጠራ የሚያሳስበን አንድ ነገር ነበር፦ ቅዳሜና እሁድ ወንዝ የወረደው ሁሉ ተመልሷል ወይ? ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም በዚያው ስጋት ነው።

መዋኘት በዲናችን የተነቀፈ ጨዋታ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከንቱ ጨዋታ ውስጥ ከማይቆጠሩት ነገሮች መካከል ዋና መማርን እንደጠቀሱ በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ልጆቻችንን «ወንዝ አትሂዱ» ብሎ መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ተደብቀው ይሄዳሉና። የሚሻለው እንዴት እንደሚሄዱ ማስተማር ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ደራሽ ውሃ ነው። የአካባቢያችን ወንዞች የሚነሱት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጮቄ ተራራ ነው። በቢቸና በኩል ሱሃ፣ በሞጣ በኩል አዝዋሪ፣ ሌሎቹም ወደ አባይ ይወርዳሉ። በከተማው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጮቄ ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ጎርፉም እኛ ዘንድ ሳይታሰብ ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ በኩል ድምፅ ከተሰማ ልብስ ለማንሳት እንኳ ሳይቆሙ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። በክረምት ጭራሽ አለመግባት ይሻላል። በበጋም ቢሆን ጥልቀቱ ባልታወቀ ባሕር ውስጥ በጭንቅላት መዝለል አንገት ይሰብራል። የሰመጠን ሰው ለማውጣት ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይግባ፤ ረጅም እንጨት፣ ገመድ ወይም የተቋጠረ ነጠላ ይወርውርለት። ሰምጦ የሞተ ሙስሊም የሸሂድ ደረጃ እንዳለው በሐዲስ መጥቷል፤ ይህ ግን ለቤተሰቡ መጽናኛ እንጂ ለግዴለሽነት ፈቃድ አይደለም። ቁርኣን ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል።

ሁለተኛው የማይታየው ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ወደ ውሃ ይገባል፣ እዚያ ይፈለፈላል፣ በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ ባለ ሰው ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። በሽታው ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። በደጋው ቅዝቃዜ ቀንድ አውጣው ብዙም አይመቸውም፤ ወደ አባይ ቆላ በተወረደ ቁጥር ግን ስጋቱ ይጨምራል፤ በተለይም ውሃው በተኛበትና ሣር በበዛበት ዳርቻ። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው። ሆዱን የሚያመውና ሰገራው ደም የሚቀላቅል ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ወንዝ እንደሚዋኝም ለሐኪሙ ይነገር።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር ማስታወስ ተገቢ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር የወቀጡት ፍሬ የዓለምን ትኩረት ሳበ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ሥራ ብለው ከልክለዋል፤ በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትንም እንዲሁ። የቢልሃርዚያን ሰንሰለት ያየ ሰው የዚህን ትእዛዝ ጥበብ ያስተውላል፦ ሰገራ ወደ ውሃ ካልደረሰ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሦስተኛው አደብ ነው። የወንድ ዐውራ በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው፤ በቁምጣ ሲዋኝም ይህ ይሸፈን። ለእህቶች የተለየ ቦታ ወይም የተለየ ሰዓት ይመቻች፤ እነሱም መዝናናት መብታቸው ነው። ዙህርና ዐስር በጨዋታ አይለፉ፤ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ መሬት አጠገባችን ናቸው። ውዱእ ስናደርግም ወንዝ ዳር ነን ብለን አናባክን። ፌስታል፣ ሃይላንድና አጥንት ይዘን እንመለስ።

ታዲያ ትንሽ የወንዝ ዳር መናፈሻ ምን ያስፈልገዋል? በአዲስ አበባ በ2011 ይፋ የሆነው ሸገርን ማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የታሰበለት ነበር። ለእኛ ከተሞች ያን ያህል አያስፈልግም። ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ የተቆፈረ ሽንት ቤት፣ ጥቂት የጥላ ዛፎች፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ ጥልቁን የሚያመለክት ምልክት፣ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ። ይህን የሰፈር ጀማዓና የቀበሌ ነዋሪ በአንድ ቅዳሜ ሊጀምሩት ይችላሉ።

በሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች የተቃጠሉበትን ቀን አንረሳም። ያም ሆኖ ወንዙ የጋራ ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጥምቀትን የሚያከብሩት ውሃ ዳር ነው፣ እኛም ውዱእ የምናደርገው ከዚያው ነው። የአንዱ ልጅ ሲሰምጥ የሌላው አባት ገመድ ይወረውራል። ዛፍ የምንተክለውና ጉድጓድ የምንቆፍረው አብረን ከሆነ ልጆቻችን የሚተዋወቁበት ቦታ ይኖራቸዋል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።