ተጨማሪ መረጃ፦ የጾም ሳጥንና የዓለም ካርታ

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ አለንታውን ከተማ ምእመናን በአፍሪካ ሳህል በድርቅ ለተጎዱ ሰዎች «የሩዝ ሳህን» የተባለ የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ጀመሩ። ዛሬ በብዙ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ልጆች ለዚሁ ማሰባሰቢያ ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት ትንሽ የካርቶን ሳጥን ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከሳጥኑ ጋር የተለያዩ አገሮች ቤተሰቦች ታሪክና ሥጋ የሌለበት የምግብ አሠራር ይቀርባል። ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በተለይ ልጆቹ በታሪኩ የተጠቀሰችውን አገር ከካርታ ላይ ካገኙ በኋላ ዝናቡ መቼ እንደሚጥል፣ ገበሬው ምን እንደሚዘራ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ሲጠይቁ። የአገሪቱን ችግር ብቻ ነግሮ ከተሞቿን፣ ወንዞቿንና የልጆቿን ጨዋታ መተው ግን ያንን ሕዝብ መበደል ነው። በሳጥኖቹ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 75 በመቶው በካቶሊክ የዕርዳታ አገልግሎት በኩል ለልዩ ልዩ አገሮች ይውላል፤ 25 በመቶው እዚያው ሀገረ ስብከቱ ውስጥ ላሉ ችግረኞች ይቀራል።