ትንንሽ ዕቃዎችና ትልቅ ጣጣቸው



ባለፈው ዓመት ለዒድ አል-ፊጥር ከጀርመን አገር የመጣ ዘመዳችን ለትልቁ ልጃችን የሞዴል ባቡር ይዞለት መጣ። ባቡሩ ከሱቅ ተገዝቶ ወዲያው እንደሚነዳ መጫወቻ አይደለም። ሐዲዱ ቁራጭ በቁራጭ ይገጣጠማል፤ ፉርጎዎቹ ይፈታሉ፤ ጎማው፣ ዘንጉ፣ ሞላውና ብሎኑ ሁሉ ለየብቻው ነው።

መጠኑ «ኤች ኦ» የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ለ87 ቢያካፍሉት 16.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የልጃችን ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ሐዲድ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ በዚሁ ልክ ቢሠራ 12 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልጁ ይህን በራሱ እርሳስ አስልቶ ሲደርስበት የነበረውን ደስታ ባየን ጊዜ ስጦታው በከንቱ እንዳልመጣ ገባን።

ነገር ግን 87 ጊዜ ያነሰ ነገር 87 ጊዜ ለመጥፋት ይቀላል! በሁለተኛው ሳምንት የ2 ዓመቷ እህቱ ከምንጣፍ ሥር ያገኘቻትን የፉርጎ ጎማ አፏ ውስጥ ከታ ደረስንባት። ጎማዋ ገና ከከንፈሯ አላለፈችም ነበርና እናቷ ቀስ ብላ አወጣችላት፤ አልሐምዱሊላህ። በዚያ ምሽት ባቡሩን ሰብስበን ለመሸሸግ ተነሥተን ነበር። በኋላ ግን የልጁንም እጅ ሥራ ማስፈታት አልወደድንም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ክዳን ያለው ቤት ሊገኝለት ይገባል አልን።

ብዙ መሳቢያ ያላቸው ሳጥኖች በገበያ አሉ። ዋጋቸውን ጠይቀን ተመለስን። ከቤታችን በየሳምንቱ የሚጣለው ዕቃ ሲበቃን ገንዘብ ማውጣቱ ኢስራፍ መሰለን።

መጀመሪያ የሠራነው የክብሪት ሳጥን ነው። 12 ባዶ የክብሪት ሳጥኖች በሙጫ ተጣብቀው እንደ ቁም ሣጥን ቆሙ፤ በየመሳቢያው ላይ ክር ታሰረለት። እጅግ ያምር ነበር። በማግስቱ ትንሿ ልጅ ክሩን እየሳበች አሥራ ሁለቱንም ከፍታ ጨረሰች! ስለዚህ ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አንመክርም።

የጸናልን የለውዝ ቅቤ ማስቀመጫው ባለ ጥምዝ ክዳን ፕላስቲክ ነው። ክዳኑን ከፍ ካለ የእንጨት መደርደሪያ ሥር በምስማር መትተን፣ ዕቃውን ከታች እያዞርን እናስገባዋለን። በአንድ ምስማር የተመታ ክዳን አብሮ ይሽከረከራልና ሁለት ምስማር ያስፈልጋል። ውስጡ በውጭ ስለሚታይ ጽሑፍ መለጠፍ የለበትም። ጠርሙስ ግን ቢወድቅ ይሰበራልና ይቅርባችሁ። ከረመዳን የተረፉት የተምር ዕቃዎች ለፉርጎ መያያዣዎች ሆኑ፤ ረጃጅሞቹ ሐዲዶች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሳይጣመሙ ይቀመጣሉ።

ፉርጎዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል አይገባም፤ ቀለሙ ይለቅባቸዋል። የአላህ ስም ወይም አንቀጽ ያለበት ወረቀትማ (ይህን መጽሔት ጨምሮ) ለመጠቅለያ ሊውል ቀርቶ መሬትም ሊጣል አይገባም። ንጹሕ ሶፍት ይበቃል።

ወላጆች በተለይ ሁለት ነገር ለይታችሁ ቆልፉ፤ ማግኔትና ክብ የሰዓት ባትሪ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ ማግኔቶቹ አንጀቱን በመካከላቸው ይዘው ይሳሳቡና ሊበሱት ይችላሉ። ባትሪውም ጉሮሮ ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉ ቃጠሎ ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለሌላው ዕቃ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለ፤ በሶፍት ጥቅል መካከል ባለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ እጅ አይገባም።

ሥራው የሚሠራው ፎጣ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ነው፤ ፎጣው ብሎን አያንከባልልም። ይህ ትሪ ያላሰብነውን ጥቅም አመጣልን። ልጃችን በፊት አዛን ሲሰማ «ዕቃው ይበተንብኛል፣ ትንሽ ቆዩኝ» እያለ ጀመዓው ያመልጠው ነበር። አሁን ትሪውን እንዳለ አንሥቶ ቁም ሣጥን ላይ ያወጣና ውዱእ ለማድረግ ይሄዳል፤ ሲመለስም ሁሉን እንደተወው ያገኘዋል።

አንዲት ሞላ ብቻ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠፍታለች። ማግኔት በክር አስረን ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር አሰስነው። ሁለት መርፌ አገኘን፤ ሞላዋ ግን የለችም። ለጊዜው ትንሿ ልጅ በዚያ ክፍል ብቻዋን አትገባም።