የሚጮኽ የልብስ ማጠቢያ መኪና

የልብስ ማጠቢያ መኪና ደኅና ሆኖ ሲሠራ ቤተ ሰቡን ከብዙ ድካም ያሳርፋል። ሲታወክ ግን የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሰላም ይነሣል። እኛ የምንኖረው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን፥ ከበታችን ደም ብዛት ያለባቸው አንዲት አዛውንት ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት መኪናችን ልብስ መጭመቅ በጀመረ ቍጥር ጣሪያቸው እየተንቀጠቀጠ ዕረፍት ስላሳጣቸው፥ አንድ ቀን ምርኵዛቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡና በራችንን አንኳኩ። «ልጆቼ፥ ቤቱ ሊወርድብኝ ነው መሰለኝ» ከማለት በቀር አንዳች የቍጣ ቃል አልተናገሩም። ቢቈጡን ግን ይቀለን ነበር።

የጠራነው ጠጋኝ ለጥቂት ደቂቃ አዳምጦ፥ «ኩሽኔታው አልቋል፤ በርሜሉ በሙሉ መለወጥ አለበት» አለን። የነገረን ዋጋ የአዲስ መኪና እኩሌታ ያህል ስለ ነበረ፥ እሺም እምቢም ሳንል አሰናበትነውና ነገሩን ራሳችን ለመመርመር ቈረጥን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጩኸቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ነው። ውኃው ወደ ውጭ በሚገፋበት ጊዜ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ጥፋቱ ከፖምፓው ዘንድ ነው፤ በፊት ለፊት በታች በኩል ያለው ማጣሪያ ቢከፈት ብዙ ጊዜ ሳንቲም ወይም የሸሚዝ ቍልፍ ይገኝበታል። የሚያፏጭ ድምፅ ሲሆን የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ይጠረጠራል። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን እንደ ጭነት ካሚዮን የሚያጓራ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን መጠርጠር ይገባል። የእኛ መኪና በጭመቃ ጊዜ ይዘል ነበር፤ ከዚያም ሌላ፥ በዝግታ ሲዞር እንኳ የሚፍቅ ድምፅ ነበረው። ሁለት ድምፅ ስለ ሆነ ሁለት ምክንያት ፈለግን።

ስለ መዝለሉ ጥቂት ሒሳብ እንጥቀስ። ስፋቱ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር፥ በአንድ ወገን የተከማቸ ግማሽ ኪሎ እርጥብ ልብስ ከበሮውን ወደ ውጭ የሚስበው 190 ኪሎ በሚያህል ኀይል ነው። ጋቢ ለብቻው ሲታጠብ ይህን መከራ ያመጣል፤ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ተጠቅልሎ በአንድ ጐን ይተኛል። ስለዚህ ጥቂት ፎጣዎች ቢጨመሩበት ክብደቱ በዙሪያው ይደላደላል። እኛ ግን ባዶውን አስጨምቀነው እንኳ ስለ ዘለለ፥ ጥፋቱ ከጋቢው እንዳልሆነ ተረዳን።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ውኃ እንዲወርድበት ተዳፋት ሆኖ ይሠራል። ውኃ ልክ በመኪናው ራስ ላይ ብናስቀምጥ ዘንበል ብሎ ተገኘ፤ ማዕዘኑን በእጃችን ብንጫነውም ከኋላ ያለው አንዱ እግር ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ኖሯል። እግሩን አዙረን ካስረዘምነው በኋላ እንዳይላላ ዳዶውን አጠበቅነው። ብዙ ሰው በዚህ ስፍራ የታጠፈ ካርቶን ይወትፋል፤ ካርቶን ግን ውኃ ሲነካው ስለሚሟሽሽ የአንድ ሳምንት መፍትሔ ነው።

ለሚፍቀው ድምፅ መኪናውን መክፈት ግድ ሆነ። የ220 ቮልት ኤሌክትሪክና ውኃ በአንድ ስፍራ ስላሉ፥ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅለን፥ ቧንቧውን ዘግተን፥ የቀረውን ውኃ አፍስሰን ነው የጀመርነው። ከበሮውን በእጃችን በዝግታ ብናዞረው በየዙሩ በአንድ ስፍራ ላይ ይፍቅ ነበር። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ሰፊ የጎማ ቱቦ ፈትተን በቀዳዳው በኩል በፒንሳ ብንስበው፥ ከጡት መያዣ የወጣ ቀጭን ሽቦ ወጣ። በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ይህን ማንሣት ያሳፍራል የሚል አይጠፋም፤ ሽቦው ግን በከበሮው ቀዳዳዎች ሾልኮ በርሜሉን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላልና አፍረን አንለፈው። እንዲህ ያለው ልብስ በመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቢታጠብ ሽቦው አያመልጥም።

ኩሽኔታውንም አልረሳንም። የከበሮውን አፍ ይዘን ወደ ላይና ወደ ታች ብንወዘውዘው ጥቂት መላላት አለው፤ ከኋላ ግን የዝገት ውኃ የወረደበት ምልክት አላየንም። ኩሽኔታን የሚገድለው ውኃ ነው፤ የሚከልለው ጎማ ሲያረጅ ውኃው ሾልኮ ግራሶውን ያጥብና ያዝገዋል። ጠጋኙ በርሜሉ በሙሉ ይለወጥ ማለቱም ከንቱ አልነበረም፤ በዛሬ ጊዜ ከሚሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ በርሜላቸው የተበየደ ስለ ሆነ ኩሽኔታውን ብቻ አውጥቶ መለወጥ ያስቸግራል። የተሳሳተው ከመክፈቱ በፊት በመፍረዱ ነው።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውል። በጕዞ ላይ በርሜሉ እንዳይናወጥ ከኋላ በረጃጅም ብሎኖች ታስሮ ይመጣል፤ እነዚህ ሳይፈቱ መኪናው ቢሠራ መዝለል ብቻ ሳይሆን ይሰባበራል። ቤት በሚለወጥበት ጊዜ ስለሚያስፈልጉ ብሎኖቹን መጣል አይገባም።

ሥራችንን በጨረስን በሳምንቱ እማማን በደረጃው ላይ አገኘናቸው። «ልጆቼ፥ ልብስ ማጠብ ተዋችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። እያጠብን መሆናችንን ብንነግራቸው አላመኑንም። ኩሽኔታው ግን በጭመቃው መጨረሻ ላይ አሁንም ጥቂት ያጕረመርማል፤ እኛም በየጊዜው ከኋላው ዝገት ወርዶ እንደ ሆነ እናያለን።